አሮጌው ፒክአፕ አልነሳ ሲል፤ ባትሪ ከመግዛት በፊት መለካት

ለአብነት ያህል አንድ የቲማቲም ነጋዴ ይወሰድ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው መቂ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጭኖ መነሳት አለበት። ቲማቲሙ በሳጥን በሳጥን ሆኖ ካሶኒው ላይ ተደርድሯል፤ የጫኞቹ ሒሳብ ተከፍሏል፤ አዲስ አበባ ያለው ተረካቢ ገበያው ሳይሞቅ ዕቃውን ይጠብቃል። ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል። ከኮፈኑ ሥር አንድ ጊዜ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ዝም። የፊት መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፤ ክላክሱም ይጮሃል። መኪናው ግን አልነሳ አለ።

በእንዲህ ያለ ሌሊት የሚሰነዘረው የመጀመሪያ ምክር የታወቀ ነው፤ "ባትሪው ሞቷል" የሚል። መኪናው ተገፍቶ ይነሳል፣ ዕቃው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ዋጋውም ወርዶ ይጠብቃል። በማግሥቱ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ለሦስት ሳምንት ያህል መኪናው ደህና ከሠራ በኋላ ያው "ቀጭ" ተመልሶ ይመጣል። አሁን ምክሩ "ሞተሪኖው ነው" ይሆናል፤ ሞተሪኖ ይቀየራል። ከወር በኋላ ደግሞ ጥፋተኛው ዲናሞ ነው ተብሎ ዲናሞ ይቀየራል። በመጨረሻ አንድ ትዕግሥተኛ ኤሌክትሪሺያን የሚያገኘው ጉድለት ከእነዚህ ከሦስቱም ውጭ ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚወርደው ወፍራም ገመድ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት በልቶት፣ ከውስጡ ግማሹ ሽቦ ተበጥሷል።

ነጋዴው ለምሳሌ የቀረበ ይሁን እንጂ ታሪኩ የድሮ ፒክአፕ ላለው ሰው እንግዳ አይሆንም። ሦስቱ ዕቃዎች በግምት ተገዙ፤ ብልሽቱ ግን ከሁሉም በረከሰው ዕቃ ላይ ነበር። ያረጀ መኪና የኤሌክትሪክ ችግር በአብዛኛው እንዲህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ውድ ከሆነው ዕቃ ይልቅ ዕቃና ዕቃን የሚያገናኘው መስመር ነው።

ጉዳዩ ለገበያው ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ እንደ መኪናው ዕድሜ የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ እስከዚያ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ሱማሌ ተራ ያለ ባለመደብር የሚጠራው ዋጋም ይህን ተከትሏል። እንግዲህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠራ ሃይሉክስ ወይም ኢሱዙ ፒክአፕ ያለው ሰው መኪናውን ጥሎ አዲስ መግዛት ቀርቶ፣ በስህተት የሚገዛት አንዲት ዕቃ እንኳ የወር ትርፉን ትነካበታለች ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ሄዶ አይቀርም

የመኪናን ኤሌክትሪክ በንግድ ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል። ባትሪው በካዝና የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ነው። ዲናሞው የዕለት ሽያጭ ነው። መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና ሬዲዮው የዕለት ወጪዎች ናቸው። ሞተሪኖው ደግሞ በቀን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ብቅ ብሎ ካዝናውን የሚያስጨንቅ ትልቅ ክፍያ ነው። ሽያጩ ከወጪው በታች ከሆነ ካዝናው ቀስ በቀስ ይራቆታል፤ ነገር ግን መራቆቱ የሚታወቀው ትልቁ ክፍያ በመጣ ዕለት ነው። መብራቱ ምንም ሳይሆን ሞተሪኖው እምቢ የሚለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ምሳሌው የማይይዘው አንድ ነገር አለ። ገንዘብ ከተከፈለ ሄደ፤ ኤሌክትሪክ ግን ወደወጣበት ካልተመለሰ ጭራሹን አይሄድም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በአምፖሉ ወይም በሞተሪኖው ውስጥ አልፎ ወደ ኔጋቲቩ መመለስ አለበት። መኪና ሠሪዎች ለመመለሻው ሌላ ሽቦ ላለመዘርጋት የመኪናውን ብረት ራሱን ይጠቀማሉ። ሻንሲው፣ ሞተሩና ቦዲው ሁሉ የመመለሻ መንገድ ናቸው። መካኒኮች ይህን "ማሳ" ይሉታል፤ ቃሉ እንደ ሞተሪኖና እንደ ፍሬቻ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ብረት ከብረት የሚገናኝበት ቦታ ዝገት፣ ቀለም ወይም ጭቃ ሲገባበት መንገዱ ይጠባል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ጭቃና አቧራ የጠጣ ፒክአፕ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ አያጣም።

የማሳ ጉድለት ራሱን በሚያስቅ መንገድ ይገልጻል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ይበራል። የፊት መብራት ሲበራ ክሩስኮቱ ላይ ያለው የሙቀት ጠቋሚ ሞተሩ ሳይሞቅ ወደ ላይ ይወጣል። መጥረጊያው ሲሠራ መብራቱ ይደበዝዛል። ከሁሉም የከፋው፣ ሞተሩ ሊነሳ ሲል የነዳጅ መስጫው ወይም የእጅ ፍሬኑ የሽቦ ገመድ የሚግልበት ጊዜ ነው። ወፍራሙ መመለሻ ስለተቋረጠ ኤሌክትሪኩ ባገኘው ቀጭን ብረት ለመመለስ እየሞከረ ነው ማለት ነው። ይህን ያየ ባለንብረት ባትሪ ሊገዛ አይውጣ።

በፒክአፕ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የጭነት ካሶኒው ከጋቢናው የተለየ አካል ሆኖ ሻንሲው ላይ በቡሎን የተቀመጠ ስለሆነ፣ የኋላ መብራቶቹ ማሳ የሚያገኙት በአንድ ትንሽ ሽቦ ወይም በቡሎኖቹ በኩል ነው። ካሶኒው ወርዶ ከተበየደ ወይም ቀለም ከተቀባ በኋላ የኋላ መብራት መደባበቅ የጀመረበት መኪና ብዙ ነው። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ስቶፕና ፍሬቻ የማይበራለት ባለንብረት አምፖል ሲለዋውጥ ከሚውል፣ ከአምፖሉ ማሳ ወደ ሻንሲው ለጊዜው አንድ ሽቦ ቢያገናኝ ጉዳዩ በደቂቃ ይለይለታል።

አነስተኛው መሣሪያ

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ቴስተር ነው። ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካ ተራ ዲጂታል ቴስተር ዋጋው ከባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጋራዥ ላይ በብዛት የሚታየው ግን ሽቦ የተቀጠለበት አምፖል ነው። አምፖሉ "ኤሌክትሪክ አለ" ወይም "የለም" ይላል እንጂ በቂ ስለመሆኑ አይናገርም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

የናፍጣ ፒክአፕ ሞተሪኖ ሞተሩን ሊያዞር ሲነሳ 200 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። በዛገው የማሳ ገመድ ላይ የአንድ ኦም መቶኛ ብቻ የሚሆን መከላከል ተፈጠረ ይባል። 200 አምፔር በዚያ ሲያልፍ 2 ቮልት ይበላበታል። 12 ቮልት ለማይሞላ ካዝና 2 ቮልት ማጣት ሞተሪኖውን ለማቆም ይበቃል። በዚያው መስመር 5 ዋት አምፖል ቢሞከርበት ግን የሚስበው 0.4 አምፔር ብቻ ስለሆነ የሚጠፋው ቮልት 0.004 ነው፤ ዓይን አያየውም። አምፖሉ ቦግ ይላል፣ መካኒኩም "ገመዱ ደህና ነው" ብሎ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። የመቂው ነጋዴ ገንዘብ የጠፋው በዚህች ልዩነት ነው።

ትክክለኛው አለካክ ይኸውና። ቴስተሩ በዲሲ 20 ቮልት ላይ ይደረጋል። አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ ይያዛል፤ ገመዱን ያሰረው ማቀፊያ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላው ጫፍ ቀለም የሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ይያዛል። ሌላ ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ለማስነሳት ይሞክራል። በዚያች ቅጽበት ቴስተሩ ከ0.2 ቮልት በታች ካሳየ ማሳው ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልት ወይም አንድ ቮልት ካሳየ ብልሽቱ ተገኘ። ከዚያ አንዱ ጫፍ እዚያው ባትሪው ላይ እንዳለ ሌላው መጀመሪያ ወደ ማቀፊያው፣ ቀጥሎ ወደ ገመዱ መጨረሻ፣ ከዚያም ወደ ቡሎኑ ይዛወራል፤ ቁጥሩ ዘሎ የሚጨምርበት ቦታ የተበላሸው ቦታ ነው። ለፖዘቲቩም እንዲሁ ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ይለካል፤ እዚህ እስከ 0.5 ቮልት ድረስ ይታገሡታል።

መኪናው ለመነሳት ሲሞክር ካልሆነ ይህ ልኬት ዋጋ የለውም። ጭነት የሌለበት መንገድ ሁልጊዜ ሰፊ ይመስላል።

ጥገናው እንግዲህ ቀላል ነው። ገመዱ ተፈትቶ ጫፉና የሚያርፍበት ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይጠረጋል፤ በደንብ ጠብቆ ይታሰራል፤ ከላይ ግሪስ ይቀባል። ገመዱ ከውስጥ የተበላ ከሆነ ይቀየራል። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጋቲቩ መሆን አለበት፤ ፖዘቲቩን የሚፈታ ቁልፍ ቦዲ ከነካ እሳት ይረጫል፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ደግሞ የሚቀጣጠል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። አዲሱ ባትሪ ጥፋቱን ካላገኘው መኪናው ለምን ሦስት ሳምንት ደህና ሠራ? ባትሪው ሲቀየር ገመዶቹ ተፈትተው እንደገና ስለታሰሩ ዝገቱ ለጊዜው ተፋቀ፤ አዲሱ ባትሪም ካሮጌው የበለጠ አቅም ስላለው ኪሳራውን ተሸከመው። ባለንብረቱ የረዳው ባትሪው መሰለው። አንድ ነገር ከተቀየረ በኋላ መኪና መነሳቱ የተቀየረው ነገር ጥፋተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ባትሪው ራሱ

ባትሪው ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ግን በቁጥር ይለይ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ መሆኑ ግን መሞቱ አይደለም። ቻርጅ ተደርጎ አድሮ፣ ሞተሩ ሲነሳ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ያን ጊዜ አርጅቷል። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ የአሲድ መለኪያውን በስድስቱም ቀዳዳ መሞከር ያስፈልጋል፤ አምስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ በጣም ከወረደ ያ ባትሪ አይመለስም። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው እንጂ የቧንቧ ወይም የሚጠጣ የታሸገ ውሃ አይደለም። ወደ አፋርና ወደ ድሬዳዋ የሚመላለሱ መኪኖች ባትሪ ደጋ ከሚውለው ቀድሞ እንደሚያረጅ ሹፌሮች ያውቃሉ፤ ሙቀት ውሃውንም ዕድሜውንም ይቀንሳል።

ሞተሪኖ ሲወቀስ

ባትሪውም ገመዶቹም ተለክተው ደህና ከሆኑና አሁንም አንድ "ቀጭ" ብቻ ከተሰማ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖ ይሄዳል። ይህም ቢሆን ሙሉ ሞተሪኖ ይገዛ ማለት አይደለም። በድሮ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ላይ የሚገኘው ጥርስ ያለው የዴንሶ ሞተሪኖ ራሱ ጠንካራ ነው፤ የሚያልቀው በውስጡ ያሉት ሁለት ትንንሽ የመዳብ መነካኪያዎች ናቸው። "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ዘንጉ ወደ መነካኪያዎቹ መሄዱን ይናገራል፤ መዳቡ ከተበላ ግን ኤሌክትሪኩ አይሻገርም። አንዳንድ ቀን በአሥረኛው ሙከራ የሚነሳ፣ አንዳንድ ቀን በመጀመሪያው የሚነሳ መኪና ምልክቱ ይህ ነው። መነካኪያዎቹ ተቀይረው ሞተሪኖው ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። በዋጋ ረገድ የሁለቱ ልዩነት የአንድ ቁልፍ ሠሪ ክፍያና የአዲስ በር ዋጋ ያህል ነው።

"ቀጭ" እንኳ የማይል ከሆነ ደግሞ ወደ ሞተሪኖው የምትሄደው ቀጭን የትእዛዝ ሽቦ ትለካ። ትእዛዙ ከባትሪው ተነስቶ በቁልፉ ኮንታክት በኩል ረጅም መንገድ ሄዶ ስለሚመጣ፣ ኮንታክቱ ሲያረጅ ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው 8 ወይም 9 ቮልት ብቻ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ኮንታክቱን መቀየር ወይም አንድ ሪሌ መግጠም ነው።

ዲናሞና ፍሬን

ቁልፉ ሲከፈት የቻርጅ መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ሞተሩ በመጠኑ ነዳጅ ተሰጥቶት ባትሪው ላይ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። የፊት መብራትና መጥረጊያ ሲበራም ከ13.5 በታች ባይወርድ ይመረጣል። ከ15 የሚበልጥ ከሆነ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ ባትሪው ውሃ ይጨርሳል፣ አምፖል በየሳምንቱ ይቃጠላል።

ቁጥሩ ካነሰም መጀመሪያ ቺንጋው ይታይ። ከዚያ ዲናሞው ወፍራም ሽቦ ላይ ይለካ። ዲናሞው ላይ 14.3፣ ባትሪው ላይ 13 ቢገኝ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ በመሐል ያለው ሽቦ ወይም ባትሪው አጠገብ ያለው ዋናው ፊውዝ ነው የበላው። ዲናሞው ራሱ ከሆነም በአብዛኛው የሚያልቀው ካርቦኑ ነው፤ እሱም ለብቻው ይቀየራል።

በብዙ ሰፈሮች የተለመደ አንድ ሙከራ አለ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ይባላል። ይህ ልማድ ከጥንቱ ዲናሞ የተወረሰ ነው። ዛሬ "ዲናሞ" የሚባለው አልተርኔተር በውስጡ ዳዮድና የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ስላለው፣ ባትሪው በድንገት ሲነሳለት ቮልቱ ዘሎ እነዚህን ሊያቃጥል ይችላል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ባትሪ ቢነቀልም በቀላሉ ስለማይጠፋ ሙከራው የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ጤነኛ ዲናሞ ገብቶ የተበላሸ ዲናሞ ሊወጣ ይችላል።

ቱኤልና ሦስትኤል በሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ዲናሞው ከኋላው የአየር መሳቢያ ፓምፕ ተሸክሟል፤ ፓምፑ የፍሬኑን ማገዣ የሚያሠራው ነው። ፓምፑ ዘይት ስለሚያልፍበት ማኅተሙ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ገብቶ ካርቦኑን ያበላሻል። ዘይቱ ሳይዘጋ ዲናሞ መቀየር ገንዘብ መድፋት ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ርካሽ ዲናሞ ተገኘ ተብሎ ፓምፕ የሌለው ሲገጠም ነው። ቻርጁ ይስተካከላል፤ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። የተጫነ ፒክአፕ ይዞ ጣርማ በርን ወይም ዓባይ በረሃን ለሚወርድ ሹፌር ይህ የዕቃ ዋጋ ጉዳይ አይደለም።

ሌሊት የሚሰርቀው

መኪናው ቀን ደህና ውሎ ሁለት ቀን ከቆመ የማይነሳ ከሆነ አንድ ነገር በስውር እየበላ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ላይ ግማሽ አምፔር የሚስብ ዕቃ በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። በሦስት ቀን ግማሹ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ቆሞ የፋሲካ ማግሥት የተፈለገ መኪና የሚያስቀይመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌባውን ለመያዝ ቁልፉ ተዘግቶ፣ በሩ ሁሉ ተዘግቶ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታና ቴስተሩ በ10 አምፔር መለኪያው በገመዱና በባትሪው መካከል ይገባል። በድሮ ፒክአፕ ላይ ከ0.05 አምፔር በላይ ካሳየ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደሚወርድ ይታያል። በዚህ ሁኔታ ላይ ቁልፍ ማዞር ክልክል ነው፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ ወይም አላርም ነው። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዲናሞው በእጅ ይዳሰስ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ዲናሞ ለብ ካለ ዳዮዱ ያፈሳል።

ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም በሽቦ መተካት እስካሁን ያልጠፋ ልማድ ነው። ቀዩ ፊውዝ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። 10 በተቃጠለበት ቦታ 30 ማስገባት ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ያደርገዋል፤ እሱ ደግሞ የሚቃጠለው ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ ከፕላስቲኩና ከምንጣፉ ጋር ነው። ከመኪናው ጋር ጭነቱም ይሄዳል። የእህል መጋዘን ውስጥ የሚያድር መኪና ደግሞ ሽቦውን አይጥ ስለሚበላው ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ምክንያቱን እዚያ መፈለግ ይገባል። ተጨማሪ መብራት የሚያስገጥም ሰው በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ላይ የፊት መብራቱ የሚከፈትና የሚዘጋው በማሳው በኩል መሆኑን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይፈልግ፤ ይህን የማያውቀው የመጣውን ሽቦ ሁሉ ሲቆርጥ ይውላል።

አንድ ነገር ለመጨመር ያህል፣ ናፍጣ መኪና መንገድ ላይ በድንገት ሲጠፋ ሁሌ ነዳጅ ወይም ፖምፓ አይወቀስም። በእነዚህ ሞተሮች ፖምፓ ላይ ናፍጣውን የሚከፍት በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ አለ፤ የምትመጣለት አንዲት ሽቦ ከተነቀለች ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ፖምፓ ከማስወረድ በፊት ያች ሽቦ ብትታይ ጊዜ አይወስድም።

ከቀብድ በፊት አሥር ደቂቃ

ለገዢና ለደላላ ይህ ሁሉ ወደ ዋጋ ይለወጣል። መኪናውን ለማየት ሲሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ኮፈኑን በመዳሰስ ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር የባትሪውንም የካንዴሌታውንም ጉድ ይሸፍናል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ክሩስኮቱ ይታይ፤ የቻርጅና የዘይት መብራት ሁለቱም መብራት አለባቸው። የቻርጅ መብራት ጭራሹን ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ወጥቷል። ሁለቱ በአንድ ላይ በርተው በአንድ ቅጽበት የሚጠፉ ከሆነም ሽቦው ከዘይቱ ጋር ተያይዞ ይሆናልና ቴስተር ይውጣ። ያደረ ቮልት፣ ሲነሳ የሚወርድበት ቮልት፣ ከተነሳ በኋላ ያለው ቮልት፤ ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ይያዙ። የሚያብረቀርቅ አዲስ ባትሪ ገዢውን ሊያስደስተው አይገባም፤ የደከመ ዲናሞን ለአንድ ሳምንት ለመሸፈን ከአዲስ ባትሪ የሚሻል ነገር የለም። ከዚያ የፊውዝ ሳጥኑ ተከፍቶ ሽቦ የተጠመጠመበት ካለ፣ ከክሩስኮቱ በታችም በናስትሮ የተጠቀለለ የሽቦ ዘለላ ከተንጠለጠለ፣ ድርድሩ ከዚያ ይጀምር። ሻጩ "ትንሽ የመብራት ነገር ናት" ካለ፣ ትንሽ ከሆነች ከርክክቡ በፊት እሱ ያሠራት ማለት ይቻላል።

ይህ አለካክ ያለ ኮምፒዩተር ለሚሠሩት ፒክአፖች ነው። ነዳጃቸውን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጡት መኪኖች ከዚህ ሌላ የኮድ ማንበቢያ ይሻሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ማሳቸው ከዛገ የሚያወጡት ኮድ ሁሉ ያሳስታል።

ከኤሌክትሪሺያን ጋር ሲዋዋሉ የምርመራውን ዋጋ ከዕቃው ለይቶ መነጋገር ይጠቅማል። ለመመርመር የማይከፈለው ሰው ገቢው ከሚቀየረው ዕቃ ስለሚመጣ ዕቃ ማስቀየሩ አይቀርም። የወጣው አሮጌ ዕቃም ለባለንብረቱ ይመለስ። ተለክቶ ጤነኛ ከሆነ መጠባበቂያ ይሆናል፤ የሞተ ከሆነም ምናለሽ ተራ የመዳብ ዋጋ አለው። የመቂው ነጋዴ ግን ሞተሪኖውንም ዲናሞውንም ለጋራዡ ትቶ ሄዷል፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ።